ቲሲፒ አራት ነጥብ አያውቅም

ሁለት ፕሮግራሞችን በኔትወርክ ለማነጋገር ስትነሱ ቀድሞ የሚመጣባችሁ ጥያቄ «ጄሰን ይሻላል ወይስ ፕሮቶቡፍ?» የሚለው ነው። ሁለቱም ዳታ የሚጻፍባቸው ፎርማቶች ናቸው፤ ጄሰን በሚነበብ ጽሑፍ፣ ፕሮቶቡፍ በታመቀ ባይት። እኔም ለዓመታት ከዚያ ነበር የምጀምረው። አሁን ግን ወረቀት ላይ ቀድሜ የምጽፈው ሌላ ጥያቄ ነው፦ ተቀባዩ አንድ መልእክት የት ጀምሮ የት እንዳለቀ በምን ያውቃል? ይህ ሳይመለስ ስለ ፎርማት መከራከር ውሃ ወቀጣ ነው።

እዚህ የማሳያችሁ ዳታን ወደ ባይት (ከ0 እስከ 255 ባለ ቁጥር ወደሚጻፍ ቁራሽ) ቀይሬ የምልክበትን፣ ወዲያኛው ወገን ላይ መልሼ ዳታ የማደርግበትን፣ ግንኙነቱም ሳይታነቅ እንዲፈስ የማደርግበትን መንገድ ነው። በጃቫም ጻፉ በፓይተን ወይም በጎ (Go)፣ ነገሩ አንድ ነው።

የሚሄደው ባይት ነው

በድሮ የብራና ጽሑፍ ቃልን ከቃል የሚለየው ሁለት ነጥብ ነበር። ሐሳቡ ሲያልቅ አራት ነጥብ ይመጣል። እነዚህን ነጥቦች ከገጹ ላይ ብትፍቋቸው ፊደሉ ሁሉ በቦታው ይኖራል፤ የቱ ቃል የት እንዳለቀ ግን አንባቢው ይጨነቃል። ቲሲፒ፣ ማለትም ፕሮግራሞች በኔትወርክ ዳታ የሚለዋወጡበት ደንብ፣ የሚያደርስላችሁ እንዲህ ያለ ገጽ ነው። የላካችሁትን ባይት በላካችሁት ቅደም ተከተል ያደርሳል፤ መንገድ ላይ የጠፋ ካለ ደግሞ ይልካል። ነገር ግን ሦስት ጊዜ የላካችሁትን ተቀባዩ በአንድ ንባብ ሊያገኘው ይችላል። አንድ ጊዜ የላካችሁት ደግሞ በአምስት ንባብ ተቆራርጦ ሊደርስ ይችላል። ይህ ብልሽት አይደለም። በ1981 የወጣው የቲሲፒ ሰነድም ሆነ በ2022 የተካው አዲሱ፣ ሁለቱም የሚያወሩት ስለ ባይት ፍሰት ነው። የመልእክታችሁን ወሰን እንጠብቃለን የሚል ቃል የላቸውም።

ብዙ ሰው እዚህ የሚሳሳተው ላፕቶፑ ላይ ስለሚሠራለት ነው። ላኪና ተቀባይ አንድ ማሽን ላይ ሲሆኑ ዳታው የሚያልፈው በሉፕባክ፣ ከማሽኑ ሳይወጣ ወደ ራሱ በሚመለስ መንገድ ነው። ሊኑክስ ላይ ሉፕባክ በአንድ ፓኬት (በአንድ የዳታ ጥቅል) እስከ 65,536 ባይት ይሸከማል። ስለዚህ 5,000 ባይት የሆነ መልእክት አብዛኛውን ጊዜ ሙሉውን ዱብ ይላል። በተለመደው ኢተርኔት ግን የአንድ ፓኬት ጣሪያ 1,500 ባይት ነው። የአይፒና የቲሲፒ ራስጌ (ከፊት የሚጻፈው የአድራሻና የቁጥጥር መረጃ) ሲነሳለት 1,460 ገደማ ይቀራል። ያው 5,000 ባይት አሁን ቢያንስ አራት ቦታ ይከፈላል። «እኔ ጋ ይሠራል» የሚባለው ክርክር ብዙ ጊዜ ምንጩ ይኸው ነው።

እንግዲህ የመጀመሪያው ሥራ የንባብ ኮዳችሁን ሉፕ ውስጥ ማስገባት ነው። «9 ባይት አንብብ» ስትሉት 4 ብቻ ሊሰጣችሁ ይችላል። የቀረው 5 እስኪሞላ ደጋግማችሁ ጠይቁ። ዜሮ ባይት (በጃቫ -1፣ በጎ EOF) ከመለሰላችሁ ወዲያኛው ወገን መላኩን ዘግቷል ማለት ነው፤ ሉፑን አቁሙ። ይህን ዜሮ ሳያዩት ቀርተው ሲፒዩን መቶ ፐርሰንት ላይ ሰቅለው የሚዞሩ ፕሮግራሞች ደጋግሜ አይቻለሁ። መላክ ላይም እንደዚያው ነው። የመላኪያው ጥሪ ስንት ባይት እንደወሰደ ይነግራችኋል፤ ሁሉንም ወስዷል ብላችሁ አትለፉ።

ወሰን ማበጀት

ሁለት መንገድ አለ። አንዱ በመልእክቶች መካከል መለያ ማኖር ነው፤ ልክ እንደ አራት ነጥብ። በጄሰን ስትልኩ አንዱን መልእክት በአንድ መስመር ጽፋችሁ በአዲስ መስመር ምልክት፣ ማለትም በ10 ቁጥር ባይት ትዘጋላችሁ። ጄሰን በጽሑፍ ውስጥ ያለውን አዲስ መስመር በሌላ ምልክት ቀይሮ ስለሚጽፈው መለያው ከይዘቱ ጋር አይምታታም። ለዓይን እንዲያምር ብላችሁ በብዙ መስመር አትዘርጉት እንጂ። ለሎግ (ፕሮግራሙ ስለ ሥራው ለሚጽፈው መዝገብ) እና ሰው ለሚያነበው ነገር ይህን መንገድ እወደዋለሁ። ይዘቱ ማንኛውም ባይት ሊሆን ሲችል ግን አይሆንም። ፎቶ ወይም የተጨመቀ ፋይል ውስጥ 10 ቁጥር ባይት ሞልቷል፤ ተቀባዩም ባገኘው ቁጥር «መልእክቱ አለቀ» ይላል።

ሁለተኛው መንገድ ርዝመትን ማስቀደም ነው። ከመልእክቱ ፊት በ4 ባይት ርዝመቱን ትጽፋላችሁ። ተቀባዩ መጀመሪያ 4 ባይት ያነባል፣ ቁጥሩን ያወጣል፣ ከዚያ ያንን ያህል ባይት ያነባል። ይዘቱ ምንም ይሁን ምን አይምታታም። እኔ አብዛኛውን ጊዜ የምመርጠው ይህን ነው። ጂአርፒሲ የሚባለው የፕሮግራም ማነጋገሪያም ውስጡ ይህንኑ ያደርጋል። ከእያንዳንዱ መልእክት ፊት 5 ባይት ያስቀድማል፤ አንዱ መልእክቱ መጨመቅ አለመጨመቁን ይናገራል፣ አራቱ ርዝመቱን።

አሁን አንድ ነገር ቀረብ ብላችሁ እዩልኝ። እኔን ሁለት ቀን የበላኝ እዚህ ላይ ነው።

በአንድ መሥሪያ ቤት ስሠራ የሙቀትና የእርጥበት ልኬት የሚልኩ ትንንሽ መሣሪያዎች ነበሩን። እያንዳንዱ መሣሪያ ሲገናኝ መጀመሪያ ስሙን ይልካል፤ ከዚያ በየ5 ሰከንዱ ልኬቱን። የላኪውን ኮድ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ለሦስት ወር ያለ እንከን ሠራ። አንድ ቀን ጠዋት ከአንዱ መሣሪያ ልኬት መምጣት አቆመ። ሎጉ ላይ ስህተት የለም። ግንኙነቱ ክፍት ነው። መሣሪያው ይልካል፣ ሰብሳቢው ፕሮግራም ግን ዝም ብሎ ይጠብቃል።

የተለወጠው የመሣሪያው ስም ብቻ ነበር። አንድ ባልደረባ «ሰላም» ብሎ ሰይሞታል።

ሰላም በዓይን ሲታይ 3 ፊደል ነው። ፊደልን ወደ ባይት በሚቀይረው በዩቲኤፍ-8 ግን እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል፦

ሰ፦ 225 136 176
ላ፦ 225 136 139
ም፦ 225 136 157

ስለዚህ መሄድ የነበረበት 0 0 0 9፣ ከዚያ ዘጠኙ ባይት፣ በድምሩ 13 ባይት ነው። የእኔ ኮድ የጽሑፉን ርዝመት ሲጠይቅ ግን ፊደል ቆጥሮ 3 ተባለ። የሄደው 0 0 0 3፣ ከኋላውም ዘጠኙ ባይት ነው።

አሁን ተቀባዩ ጋ ሂዱ። ርዝመቱ 3 ነው ተባለ። ሦስት ባይት አነበበ፤ «ሰ»ን አገኘ። ምንም ስህተት አልታየውም፤ «ሰ» የሚባል መሣሪያ መዘገበ። ቀጥሎ የሚመጣው የሚቀጥለው መልእክት ርዝመት ነውና አራት ባይት አነሳ፦ 225 136 139 225። ይህ «ላ» ሙሉዋን ከ«ም» የመጀመሪያ ባይት ጋር ነው። እንደ አንድ ቁጥር ሲነበብ 3,783,822,305 ይሆናል። ተቀባዩም ያንን ሁሉ ባይት ሊጠብቅ ተቀመጠ። በየ5 ሰከንዱ የሚመጣው ልኬት የዚያ ግዙፍ መልእክት አካል እየሆነ ተዋጠ።

ከዚያ በፊት ያልታየው የመሣሪያዎቹ ስም ሁሉ በላቲን ፊደልና በቁጥር ስለነበረ ነው። እዚያ አንድ ፊደል አንድ ባይት ስለሆነ ሁለቱ ቆጠራ ይገጥማል። በገዛ ቋንቋችን ስንጽፍበት የሚሰበር ሶፍትዌር በእጄ መሥራቴ እስካሁን ያንገበግበኛል። አሠራሩ ቀላል ነው፦ ጽሑፉን መጀመሪያ ወደ ባይት ቀይሩ፣ ከዚያ የባይቱን ብዛት ቁጠሩ። በጭራሽ አታገላብጡት።

አንድ የርዝመት ገደብ ቢኖር ኖሮ ደግሞ ሁለት ቀን ሳይሆን ሁለት ደቂቃ ነበር የሚፈጀው። እኛ ጋ ከ2,000 ባይት የሚበልጥ መልእክት አልነበረም። ተቀባዩ ከ64 ኪሎባይት የሚበልጥ ርዝመት ሲያይ ግንኙነቱን ዘግቶ ሎግ ላይ ቢጽፍ በቂ ነበር። ገደቡ ለደኅንነትም ያስፈልጋል። የተነገረውን ርዝመት አምኖ ሜሞሪ አስቀድሞ የሚይዝ ፕሮግራም በክፉ ሰው እጅ በ4 ባይት ይገደላል። ጃቫ ላይ ከሆናችሁ ያው አራት ባይት ከዜሮ በታች ሊሄድ በሚችል ቁጥር ስለሚነበብ -511,144,991 ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ከዜሮ ማነሱንም ፈትሹ።

ስለ ባይት ቅደም ተከተል አንድ ነገር ልበል። 9ን 0 0 0 9 ብላችሁ ነው የምትጽፉት ወይስ 9 0 0 0? የኔትወርክ ልማድ ትልቁን ማስቀደም ነው፤ ቢግ ኢንዲያን ይባላል። የኢንቴልና የኤኤምዲ ፕሮሰሰሮች ግን ሜሞሪ ውስጥ ትንሹን ያስቀድማሉ። አንዱ ወገን በአንዱ ጽፎ ሌላው በሌላው ካነበበ 9 የነበረው 150,994,944 ይሆናል። ሰነዳችሁ ላይ በአንድ መስመር ወስኑትና እለፉ።

ፎርማቱ

አሁን ወደ ጄሰንና ፕሮቶቡፍ መመለስ እንችላለን።

የእኔ ምክር ግልጽ ነው፦ የሚከለክላችሁ ነገር ከሌለ በጄሰን ጀምሩ። ችግር ሲመጣ ዳታውን በዓይን ማየት መቻል ትልቅ ነገር ነው። ሁለት ቦታ ግን ተጠንቀቁ። አንደኛው ትልልቅ ቁጥር ነው። ጃቫስክሪፕትና እሱን የመሰሉ አንባቢዎች ቁጥርን ሁሉ ደብል በሚባል የ64 ቢት ተንሳፋፊ ነጥብ ዓይነት ነው የሚይዙት። ከ9,007,199,254,740,992 በላይ ሲሆን ትክክለኛነቱ ይጠፋል። መጨረሻው 993 የሆነው መለያ ቁጥር 992 ሆኖ ይነበባል፤ የአንዱ ሰው መዝገብ የሌላው ይሆናል ማለት ነው። ረጅም መለያ ቁጥርን በጥቅስ ውስጥ አድርጋችሁ እንደ ጽሑፍ ላኩ። ሁለተኛው የእኛው ፊደል ነው። የፓይተን ጄሰን ላይብረሪ ካልነገራችሁት በስተቀር እያንዳንዱን የግዕዝ ፊደል በስድስት የላቲን ምልክት ቀይሮ ይጽፋል። ስህተት አይደለም፤ ተቀባዩ መልሶ ያነበዋል። ግን 9 ባይት የነበረችው ሰላም 18 ትሆናለች፣ ሎጉም ለዓይን አይነበብም። ቅንብሩን አጥፉት።

ፕሮቶቡፍን ጉግል ለሁሉም ክፍት ያደረገው በ2008 ነው። ዋናው ብልሃቱ የመስኩን ስም አለመላኩ ነው፤ በስሙ ፈንታ ቁጥሩን ይልካል። «ልኬት» የሚባል መስክ 300 ይዟል እንበል። በጄሰን፣ ያለ ምንም ክፍት ቦታ፣ 17 ባይት ይወስዳል። በፕሮቶቡፍ መስኩ 1 ቁጥር ከሆነ 3 ባይት ነው፦ 8 172 2። 8 ማለት «መስክ 1፣ ዓይነቱ ሙሉ ቁጥር» ነው። 172 ከ127 ስለሚበልጥ «ገና ይቀጥላል» እያለ ነው፤ 128 ሲቀነስለት 44 ይቀራል። ቀጣዩ 2 በ128 ሲባዛ 256 ነው። 256 እና 44፣ 300። በብዛት የምትልኩ ከሆነ፣ ኔትወርኩ ቀጭን ከሆነ ወይም ብዙ ቡድኖች በአንድ ስምምነት መሥራት ካለባቸው ወደዚህ ሂዱ።

አንድ ነገር ግን እንዳትረሱ፦ ፕሮቶቡፍ ራሱ የት እንዳለቀ አይናገርም። ሁለት መልእክት ደርድራችሁ ብትልኩ ተቀባዩ እንደ አንድ ሊያነባቸው ይችላል። ርዝመት ማስቀደሙ እዚህም ግድ ነው።

ሜሴጅፓክና ሲቦር ጄሰንን በባይት ያሳጠሩ ዓይነቶች ናቸው፤ የስምምነት ፋይል (መስኮቹን የሚዘረዝር) ሳትጽፉ መጠን መቀነስ ስትፈልጉ ይጠቅማሉ። አቭሮ የሚባለው ሌላ ፎርማት ከካፍካ፣ ከመልእክት ማስተላለፊያው ሶፍትዌር፣ ጋር ለሚሠሩ ጥሩ ነው።

የፓይተን ፒክልንና የጃቫን አብሮ የተወለደ ሰሪያላይዜሽን (ዳታን ወደ ባይት መቀየሪያ) ግን በኔትወርክ ከሚመጣ ዳታ ጋር አታገናኙ። ሁለቱም ሲነበቡ ላኪው የመረጠውን ኮድ እናንተ ማሽን ላይ ሊያስኬዱ ይችላሉ። የፒክል ሰነድ ራሱ ያላመናችሁትን ዳታ አትክፈቱ ብሎ ያስጠነቅቃል። «የውስጥ ኔትወርክ ነው» የሚለው መልስ አያረካኝም።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ የመስክ ቁጥር ላይ በትክክል ይሠራል። አንድ ጊዜ 3 ቁጥር መስክ እርጥበት ነበር። ከዚያ እርጥበቱ አያስፈልግም ተባለና በችኮላ ያው 3 ቁጥር ለባትሪ ተሰጠ። እርጥበትም ባትሪም ከ0 እስከ 100 ያለ ቁጥር ነው። አዲሱ ላኪ ባትሪ 87 ብሎ ሲልክ አሮጌው ተቀባይ እርጥበት 87 ብሎ መዘገበ። ምንም አልተሰበረም፤ ዳታው ብቻ ዋሸ። ይህ ከሚፈነዳ ስህተት ይከፋል። የተሰረዘ ቁጥር ተሰርዞ ይቅር። ፕሮቶቡፍ ቁጥሩን ዳግም እንዳይሰጥ የሚያግድ ትእዛዝ አለው፤ ተጠቀሙበት። አዲስ መስክ ስትጨምሩ ባይኖርም የሚሠራ ይሁን። ተቀባዩ የማያውቀውን መስክ ይዝለል እንጂ አይውደቅ። የስምምነቱን ሥሪት ቁጥር ደግሞ ግንኙነቱ ሲጀመር ላኩ፤ አንድ ባይት ነው፣ ኋላ ብዙ ያድናችኋል።

ሲፈስ

አንድ መልእክት ልኮ መልስ መቀበል አንድ ነገር ነው። ሳይቋረጥ ለቀናት የሚፈስ ዳታ ሌላ ነው።

ላኪው በሰከንድ 1,000 መልእክት ይልካል፣ ተቀባዩ 800 ይሠራል እንበል። በየሰከንዱ 200 ይቀራል። በአንድ ሰዓት 720,000 መልእክት ተከምሯል። የት? ገደብ የሌለው ወረፋ ከሠራችሁ ሜሞሪ ውስጥ ነው፤ ማታ በደህና የተዋችሁት ፕሮግራም ሌሊት ይሞታል። ስለዚህ ወረፋው ጣሪያ ይኑረው፣ ሲሞላ ምን እንደሚሆንም እናንተ ወስኑ። ለሙቀት ልኬት አሮጌውን እጥላለሁ፤ ከአንድ ሰዓት በፊት የነበረው ሙቀት ለማንቂያ ደወል አይረባም። ለክፍያ መዝገብ ግን አንድም አይጣልም፤ ላኪው ቆሞ ይጠብቅ። ቲሲፒ በዚህ ያግዛችኋል፦ ተቀባዩ ማንበብ ሲያቆም ቋቱ ይሞላል፣ ላኪውም በራሱ ይገታል። ይህ የሚሠራው ግን ከሶኬቱ (ፕሮግራሙ ከኔትወርኩ ጋር ከሚገናኝበት በር) የምታነቡት መሥራት የምትችሉትን ያህል ብቻ ሲሆን ነው።

ወዲያኛው ማሽን መብራት ጠፍቶበት ቢሞት ማን ይነግራችኋል? ማንም። ሶኬቱ ክፍት መስሎ ይቀጥላል። የቲሲፒ የራሱ መፈተሻ ካላበራችሁት አይሠራም፤ ብታበሩትም ሊኑክስ ላይ ሳትነኩት የመጀመሪያውን ፍተሻ የሚልከው ከ2 ሰዓት ዝምታ በኋላ ነው። ስለዚህ የራሳችሁን «አለሁ» መልእክት ላኩ። እኔ በየ15 ሰከንዱ አደርገዋለሁ፤ ሦስት ጊዜ ከቀረ ግንኙነቱን ዘግቼ እንደገና እጀምራለሁ። ስትሞክሩ መጀመሪያ 1 ሰከንድ፣ ከዚያ 2፣ 4፣ 8 እያላችሁ እስከ 60 ጠብቁ፣ ትንሽ የዘፈቀደ ጊዜም ጨምሩበት። ካልሆነ ሰርቨሩ ሲነሳ አንድ ሺህ መሣሪያ በአንዲት ሰከንድ ይወርርና መልሶ ይጥለዋል።

ከሁሉ በላይ እንድትይዙልኝ የምፈልገው ይህ ነው፦ የመላኪያው ጥሪ «እሺ» ካላችሁ የሚነግራችሁ የገዛ ማሽናችሁ ባይቱን መረከቡን ነው። ወዲያኛው ወገን ስለማግኘቱ ምንም አላላችሁም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ መልእክት ተከታታይ ቁጥር ስጡ። ተቀባዩ ሥራውን ጨርሶ ካስቀመጠ በኋላ «እስከ 4,120 ድረስ ደርሶኛል» ይበል። ላኪው እስከዚያ የላከውን አይጣል። ግንኙነቱ ተቋርጦ ሲመለስ ከ4,121 ይቀጥላል። አንዳንዱ መልእክት ሁለት ጊዜ መድረሱ አይቀርም፤ ተቀባዩ ቁጥሩን አይቶ የደገመውን ይዝለል። ካፍካና መሰሎቹ ይህን አብዛኛውን ይሠሩላችኋል። በራሳችሁ ሶኬት ስትሠሩ ግን የእናንተ ሥራ ነው።

መፈተሽ

ኮዱ ተጽፎ ሲያልቅ አንድ ክፉ ላኪ ጻፉ። ሃያ መስመር አይሞላም። አንዱን መልእክት ባይት በባይት፣ በመካከሉ እየቆመ ይላክ። ከዚያ አሥር መልእክት አጣብቆ በአንድ ጊዜ ይላክ። ከዚያ አንዱን ግማሽ ላይ ቆርጦ ሶኬቱን ይዝጋ። ከዚያ ርዝመቱን ዋሽቶ አራት 255 ይላክ። ተቀባዩ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን በትክክል ማንበብ፣ የኋለኞቹን ሁለቱን ሎግ ላይ ጽፎ በሰላም መዝጋት አለበት። ግራ ሲገባችሁ ዋየርሻርክን፣ በኔትወርክ የሚያልፈውን ባይት የሚያሳየውን ፕሮግራም፣ ክፈቱና የሄደውን ባይት ራሳችሁ ቁጠሩ። እኔ ስህተቴን ያገኘሁት እንዲያ ነው፤ 0 0 0 3 ካለ በኋላ ዘጠኝ ባይት ተቀምጦ አየሁ።

ዛሬ የምጽፈው ቴስት ሁሉ ውስጥ አንድ መሣሪያ አለ። ስሙ ሰላም ነው። 13ቱ ባይት አንድ በአንድ ይላካሉ፤ ወዲያኛው ወገን ሦስቱም ፊደል ሲወጡ ቴስቱ አረንጓዴ ይሆናል።